አንደኛ ያልወጣው ወንበር

በኮሌጁ ኮሪደር ላይ የሚሮጥ ኮቴ ከተሰማ፣ ወይ የሸክላ ማቃጠያው ምድጃ ከልክ በላይ ግሏል፣ ወይ ደግሞ የሕዝብ ግንኙነቷ ሴትዮ ወሬ አግኝታለች ማለት ነው። ተማሪዎቹ በሌለችበት «ሰበር ዜና» ይሏታል። ፊት ለፊት ሲያገኟት ግን «እትዬ» ነው። ቅጽል ስሟን እንደምታውቅ ሁሉም ያውቃሉ፤ እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ወደዚህ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ኮሌጅ የመጣችው በሃያ አምስት ዓመቷ፣ የፈተና ወረቀት ልትተይብ ነበር። መቀመጫ ግን አይበረክትላትም። ሁለት ገጽ ትተይብና ብድግ ብላ ሥዕል ክፍሉን ልታይ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ጫማዋ ላይ የጨርቅ ሕትመት ክፍሉን ቀለም ይዛ ትመጣለች። ቢቆጧትም ቢመክሯትም አልረጋ ስትል፣ አንድ ብልህ ዲን «እንግዲያው ዞራ ዞራ ያየችውን ትጻፈው» ብሎ የኮሌጁን ጋዜጣ ሰጣት። ጋዜጣዋ በየሦስት ወሩ የምትወጣ ባለ አራት ገጽ ናት። ተማሪዎችና መምህራን ያገኙት ሽልማት፣ ያሳዩት ዐውደ ርእይ፣ የታተመላቸው ሥራ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ሴትዮዋ ራሷ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አትችልም። የሰው ሥራ ሲሳካ ግን የገዛ ልጇ የተመረቀ ያህል ልቧ ጮቤ ይረግጣል።

ወሬውን መልቀሙ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የግራፊክ መምህሩ ማንም ሳይጠይቀው በየሦስት ወሩ የሠራውን ሁሉ በሦስት ገጽ ዘርዝሮ ይልክላታል፤ በስብሰባ ላይ የተናገረውን እንኳ አይዘልም። ስሙም «ሦስት ገጽ» ሆኖ ቀረ። የጨርቅ ንድፍ መምህርቷ ደግሞ ጨርቋ ባሕር ተሻግሮ ሙዚየም ሲገባ ትንፍሽ አላለችም። ሰበር ዜና ጉዳዩን የሰማችው ጥቅሉን ከተሸከመው ዘበኛ ነው።

የወንበሩ ወሬ የወጣበት እትም ደኅና ደኅና ነገር ሞልቶት ነበር። ሁለት ተማሪዎች የሠሩት የአራት ደቂቃ የካርቱን ፊልም በትልቅ አዳራሽ ታይቷል። የሸክላ መምህሩ የዝናብ ደመና መልክ ያለው፣ የሚያንጸባርቅ አዲስ የሸክላ ቅብ አግኝቷል። የመጀመሪያው ገጽ ግን ገና ክፍት ነበር፤ ለፊት ገጽ የሚሆን ትልቅ ዜና ጠፍቶ። ማተሚያ ቤቱ በስልክ ጨቀጨቃት፦ «እትዬ፣ ማሽኑ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው እኮ!»

በዚያ ሰዓት ነው የእንጨት ሥራ መምህሩ ከሄደበት አገር በኢሜይል አንድ ደብዳቤ የላከላት። ከላዩ «ለጋዜጣሽ» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለውም። ደብዳቤው ለአንዲት የመጨረሻ ዓመት የቤት ዕቃ ዲዛይን ተማሪ የተጻፈ ነው። ልጅቷ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የሚሆን፣ መቀመጥም መቆምም ያልሆነ፣ ክብደትን የሚያሳርፉበት ባለ አንድ እግር ወንበር ሠርታ ለዓለም አቀፍ ውድድር ልካ ነበር። የደብዳቤው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላል። ሰበር ዜና አንድ እጇ ኮቷ እጅጌ ውስጥ ገብቶ፣ ሌላው ገና ሳይገባ፣ እንደቆመች ያን አነበበች። ቀጥሎ ያለውን አላነበበችም። በቆመችበት ጎንበስ ብላ ርእሱን ጻፈች፦ «ተማሪያችን በዓለም አቀፍ የወንበር ውድድር አንደኛ ወጣች»። ከሥሩ የወንበሩን ፎቶ አስገብታ ላከችው።

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። እያንዳንዱን እትም ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነው የምታነበው። በዚህኛው ላይ ሁለት የፊደል ስሕተት አገኘች፤ ርእሱን ግን «ጎሽ!» ብላ አለፈችው።

ጋዜጣዋ ሰኞ ወጣች። ሐሙስ ጠዋት የእንጨት ሥራ መምህሩ ከመንገድ መጥቶ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ቢሮዋ ገባ።

«ማነው አንደኛ ያላት?»

«ደብዳቤው ነዋ!» አለች እየሳቀች።

«ደብዳቤው እኮ ለመጨረሻው ዙር አልፈሻል ነው የሚለው። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ወንበር ሠላሳ መርጠዋል፤ ከሠላሳዎቹ አንዷ ናት። አሸናፊው የሚታወቀው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሁለተኛውን አንቀጽ አላየሽውም?»

ክው አለች። ኮምፒውተሩን ከፍታ ሁለተኛውን አንቀጽ አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ስምንት መቶ ቅጂ ታትሟል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ፊደል ገድፋ ታውቃለች፣ ፎቶ አገላብጣ ታውቃለች፤ ያልሆነን ነገር ሆነ ብላ ግን አታውቅም።

በቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ሮጠች። ኃላፊው በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ፣ ለስላሳ ሰው ነው። «አይዞሽ እትዬ» አላት፣ «በሚቀጥለው እትም አራተኛው ገጽ ላይ በትንሹ እናስተካክለዋለን። እስከዚያ ደግሞ ማን ያውቃል፣ ልጅቷ ልታሸንፍም ትችላለች።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«ሰው ይረሳል።»

ከቢሮው ስትወጣ ዘበኛው በር ላይ ያዛት። «ያቺን ጋዜጣ አበጀሽ!» አላት። «የልጅቷ አባት ማክሰኞ መጥተው አሥር ቅጂ ወሰዱ። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ከአደባባዩ ጀርባ ያለችው ሰማያዊ በር የሳቸው ናት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ እኔን አቅፈው ሳሙኝ፤ እኔ ምን አድርጌ!»

የቀረው ቀን ሥራ አልሆነላትም። ሸክላ ክፍል ገባች፣ ወጣች። ሥዕል ክፍል ገብታ ለምን እንደገባች ጠፋት። ወረቀት አነሳች፣ አስቀመጠች። ስምንት ሰዓት ላይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ አደባባዩ ጀርባ ገሰገሰች።

ፀጉር ቤቷ ጠባብ ናት። አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ የሚሽከረከር የደንበኛ ወንበር፣ በግድግዳው በኩል ለሚጠብቁ ሰዎች ረጅም አግዳሚ። አግዳሚው ላይ ሦስት ወንዶች ተደርድረዋል። ከመስታወቱ መሐል የጋዜጣዋ የፊት ገጽ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ደንበኛው ፊቱን ሲያይ ከራሱ ፊት ጎን «አንደኛ ወጣች» የሚለውን ማንበቡ አይቀርም።

አባትየው ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰው ናቸው። የአንድ ደንበኛ ጉንጭ ላይ ሳሙና እየቀቡ ነበር።

«ይግቡ እህቴ! ልጅ ይዘው ነው?»

«አይ… መቼ መቼ ክፍት እንደሆናችሁ ልጠይቅ ብዬ…»

«ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!» ምላጩን ይዘው በክርናቸው ወደ መስታወቱ ጠቆሙ። «ይቺን አዩዋት? ልጄ ናት። ከዓለም አንደኛ!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ቀድሞም የሰሙት ይመስላሉ፤ ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ቆሜ ነው የሠራሁት» አሉ፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ። «ማታ እቤት ስገባ እግሬ ከጫማ ውስጥ አይወጣም። ይህች ልጅ ትንሽ ሆና ካልሲዬን የምታወልቅልኝ እሷ ነበረች። እና ምን ሠራች መሰልዎት? ቆሞ ለሚውል ሰው የሚሆን ወንበር! እኔን አይታ እኮ ነው። ገና አላሳየችኝም፣ ሳይጨረስ አይሆንም ብላ። ፎቶውን ያየሁት እዚህ ጋዜጣ ላይ ነው።» ድንገት ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከሰኞ ወዲህ ግን ስልኳን ማግኘት አቃተኝ። ለሥራ ልምምድ ሌላ ከተማ እንጨት ፋብሪካ ነው ያለችው። እንግዲህ አንደኛ የወጣ ሰው ጊዜ የለው!»

ሁሉም ሳቁ። ሰበር ዜና አልሳቀችም። አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን «ሰዓት ረፈደብኝ» የሚል ብቻ ነበር። ብድግ ብላ ወጣች።

እቤት ስትደርስ እህቷ በር ላይ ሆና አየቻት።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ መነጽሯን አወለቀችና ጋዜጣውን ከመደርደሪያው አንስታ ያንን ርእስ ተመለከተችው። «እኔም አለፍኩት እኮ» አለች በቀስታ። «ነገ ሂጂና ንገሪያቸው። አለበለዚያ እዚህ ወለል ላይ ስትመላለሺ ምንጣፉን ትጨርሺብኛለሽ።»

ዓርብ ማለዳ ሰበር ዜና ከሰማያዊው በር ደጃፍ ቀድማ ተገኘች። አባትየው መጥተው ቁልፉን ሲከፍቱ «ትናንት መጥተው ነበር፣ አይደል?» አሏት። ገብተው መጥረጊያ አነሱ። አብራቸው ገብታ እንደቆመች፣ እንዳትሸሽ ፈርታ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

«ጋሼ፣ ጋዜጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ልጅዎ አንደኛ አልወጣችም። ለመጨረሻው ዙር ነው ያለፈችው። ውጤቱ ገና ነው።»

መጥረጊያው ቆመ።

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገመችላቸው። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ወንበር ሠላሳዎቹ ውስጥ መግባት ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ከዚህ ኮሌጅ እዚያ የደረሰ ተማሪ ከዚህ በፊት እንዳልነበረ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እየተናገረች ሳለ ቃላቱ አንድ በአንድ ከአፏ ወጥተው መሬት ላይ የሚወድቁ መሰላት።

አባትየው የፀጉር ማሽኑን አንስተው አበሩት፤ ዘይት ጠብ አደረጉበት፤ አጠፉት። ከዚያ ዘወር ብለው አዩዋት።

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«አቃተኝ።»

«እርስዎ ከወጡ በኋላ ለስድስት ሰው ተናግሬያለሁ። አንደኛው የሚስቴ ወንድም ነው።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። ከፍ ቢል ይሻላት ነበር። «ልጄ ታውቃለች?»

«ጋዜጣውን ጓደኞቿ በስልክ እንደላኩላት ሰምቻለሁ። የምታውቅ ይመስለኛል።»

«ለካ ለዚህ ነው…» አሉ። ከዚያ ያቺ ደንበኛ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። መስታወቱ ፊት ለፊታቸው ነው፤ ጋዜጣው መሐል ላይ። ሰበር ዜና ልትገነጥለው እጇን ስትዘረጋ «ተዉት» አሉ። «እኔ የለጠፍኩትን እኔ አነሣዋለሁ። እርስዎ ይሂዱ።»

ሄደች። ቀትር ላይ ስልኳ ጮኸ። ልጅቷ ናት።

«እትዬ፣ ማን ላከዎት? አጎቴ አሁን ደውሎ ነገረኝ» አለች ሰላም እንኳ ሳትል። «እኔ እሑድ መጥቼ ራሴ ልነግረው ነበር! ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ነው የማስበው። በጋዜጣ የሰቀላችሁትን አባቴን እናንተው መጥታችሁ ታወርዱታላችሁ?»

«ልክ ነሽ፣ ልጄ። ላንቺ ነበር መጀመሪያ መደወል የነበረብኝ።»

በስልኩ ውስጥ የፋብሪካው መጋዝ ይጮሃል።

«ምን አለ?»

«ተቀመጡ።»

«ተቀመጠ? አባዬ? በሥራ ሰዓት?»

«ደንበኛ የሚቀመጥባት ላይ።»

ልጅቷ ትሳቅ ታልቅስ ሰበር ዜና አልለየላትም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ሰበር ዜና ስልኩን እንዳስቀመጠች ሦስት ወሩን እንደማትጠብቅ ገባት። በአንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ባለፈው እትም የፊት ገጽ ላይ ተማሪያችን አንደኛ ወጣች ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው። ተማሪዋ ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ሠላሳ ተወዳዳሪዎች አንዷ ናት። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳላነብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪዋም መምህሯም ጥፋት የለባቸውም።» ከሥሩ የሥራ መደቧን ጽፋ ፈረመች። ሁለት መቶ ቅጂ አባዝታ በየሰሌዳው፣ በየወርክሾፑ በር፣ በመመገቢያ አዳራሹ መስኮት ሳይቀር ለጠፈችው። አንዱን በፖስታ አድርጋ ወደ ሰማያዊው በር ላከች።

ኃላፊው ሰኞ ጠራት። «ኮሌጁን አሳፈርሽን» አለና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት። ተማሪዎቹም አልማሯት፤ ስታልፍ «ሰበር ማስተካከያ!» ይላሉ። እሷ ግን የምትፈራው ሌላ ነው፦ ከእንግዲህ ጋዜጣዋን ማን ያምናታል?

ማክሰኞ ዕለት ሦስት ገጽ ቢሮዋ መጣ። በሩን ከኋላው ዘጋ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ያ ባለፈው ዓመት ያወጣሽልኝ ሽልማት…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽልማት እንኳ አይደለም። የተሳትፎ የምስክር ወረቀት ነው። ለመጣ ሰው ሁሉ ሰጥተዋል።»

አፏን ከፍታ አየችው።

«ላስተካክለው?»

«አስተካክይው። ስለ ስብሰባው ንግግርም… አዳራሹ ውስጥ አራት ሰው ነበር። እሱን ባትጽፊውም ይሻላል።»

ሐሙስ የሸክላ መምህሩ መጣ። አዲሱን የሸክላ ቅብ የቀመመችው አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆነች፣ እሱ ምድጃውን ብቻ እንደተቆጣጠረ ነገራት። «ስሟ ይግባ» አለ፣ «እኔ ቀድሞ ማለት ነበረብኝ።» በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሰዎች መጡ። የመጡበትን ጉዳይ በደብተሯ ላይ መዘገበችው። ይህን ሁሉ ዓመት የጻፈችው ስንት እንዲህ ያለ ነገር ይኖረው ይሆን? አሮጌዎቹን እትሞች ከመደርደሪያ አውርዳ ገለጠቻቸው፤ እንደገና ዘጋቻቸው። ልትጠይቃቸው የምትፈልጋቸው ሰዎች ግማሾቹ ከኮሌጁ ከወጡ ቆይተዋል።

የሚቀጥለው እትም ከወትሮው ቀጠነ፤ አራተኛው ገጽ ግማሹ ነጭ ሆኖ ወጣ። ኃላፊው ተነጫነጨ። የውድድሩ ውጤት እትሙ ገና ሲዘጋጅ ታውቆ ነበር። ያሸነፈው ከሩቅ አገር የመጣ ሌላ ተማሪ ነው። ሰበር ዜና ይህን ጊዜ ከሁሉ በፊት ልጅቷ ጋ ሄደች። ልጅቷ ወርክሾፕ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ የመሳቢያ ጠርዝ እያለሰለሰች ነበር።

«ጽፌዋለሁ፤ አንብቢው።»

ልጅቷ አነበበች። የዚያ ዓርብ ስልክ ቂም ገና ከፊቷ አልጠፋም። «‹ወንበሩ ለመጨረሻው ዙር ደርሶ ነበር› ብቻ ነው ያሉት» አለች። «‹አላሸነፈም› የሚለውንም ይጨምሩበት። አለዚያ አባቴ ‹ታዲያስ?› ብሎ ይጠይቀኛል።»

ጨመረችበት።

በዓመቱ መጨረሻ የተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ሁለተኛው ቀን ላይ አባትየው በተተኮሰ ኮት መጡ። ሰበር ዜና ከሩቅ አየቻቸው። በኮሪደሩ ጥግ ቆማ ተከተለቻቸው። ሰውየው አልቸኮሉም፤ የእያንዳንዱን ሥራ መግለጫ እያነበቡ፣ ጨርቁን በዓይናቸው እየዳሰሱ፣ በካርቱኑ ፊልም ሁለቴ ስቀው፣ በመጨረሻ ቤት ዕቃ ክፍሉ ደረሱ። ሰበር ዜናን ሲያዩ ቆም አሉ። ሰላም ያሏት ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ነው።

«የትኛው ነው?»

«ያ፣ መስኮቱ ሥር ያለው።»

ልጅቷ ወንበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አባትየው ኮታቸውን አውልቀው ለሰበር ዜና አስያዟት። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ወንበሩን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተደገፉበት። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«ጭንቅላት አምጪ» አሉ ልጃቸውን።

ልጅቷ ሣጥን ጎትታ ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀመጠች። መቀስና ማበጠሪያ የያዙ ይመስል እጃቸውን ወደ ፀጉሯ ዘረጉ። ከኋላ ጀመሩ፣ ወደ ቀኝ ጆሮዋ አለፉ። ግራው ላይ ሲደርሱ ወንበሩ አልተከተላቸውም፤ ብድግ ብለው ማንሳት ነበረባቸው።

«ሁለት ጣት ከፍ ብሏል» አሉ። «እግሬ መሬቱን በደንብ አይነካም። ደግሞ አይዞርም። እኔ የማንም ሰው ጭንቅላት ዙሪያ ነው የምዞረው። አብሮኝ ካልዞረ ለደንበኛው ነው የማስቸግረው።»

«ይህን ዳኞቹም አላሉኝም» አለች ልጅቷ።

«ፀጉር አስተካክለው አያውቁማ።»

ልጅቷ ሳቀች። ከወገብ ቀበቶዋ እርሳስ አውጥታ ተንበረከከችና የወንበሩ እግር ላይ ምልክት አደረገች። አባትየውም ጎንበስ ብለው «እዚህ፣ እዚህ ጋ» እያሉ በጣታቸው ያሳዩዋታል። ጎብኚዎች የዐውደ ርእዩ አካል መስሏቸው ከበቧቸው። አንድ ሁለት ሰዎችማ ፎቶ አነሱ። ሰበር ዜና የሰውየውን ኮት ክንዷ ላይ እንዳደረገች ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ።

«ልጄ፣ ይህን ልጻፈው?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፤ አባቷንም አየች።

«ይቆዩ፣ መጀመሪያ ወንበሩ ይዙር።»

ሰበር ዜና ደብተሩን ዘጋች። ኮቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠች። የጨርቅ ንድፍ መምህርቷ ተማሪ ዛሬ ጠዋት አንድ ደብዳቤ ደርሷታል ሲባል ሰምታ ነበርና ወደ ጨርቅ ንድፍ ክፍሉ መንገድ ጀመረች።